በጎን የተሣለ ፊት፦ የአቶ ፀጋዘአብ ወልደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ፀጋዘአብ ወልደ ሚካኤል በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በቢቸና አውራጃ፣ በደብረ ወርቅ፣ ከአባታቸው ከአለቃ ወልደ ሚካኤል ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጸሐይወርቅ እንግዳ በጥቅምት ወር 1932 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው አሥራ ሁለት ነው፣ አባታቸው አሥራ አምስት ነው ይሉ ስለነበር፣ ሁለቱንም ላለማስቀየም በካናዳ ወረቀታቸው ላይ አሥራ ሦስትን አስጽፈዋል።

አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። አቶ ፀጋዘአብም ፊደል ሳይቆጥሩ ቀለም መበጥበጥ፣ ሸራ በግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ መስመርን እጅ ሳያነሱ መሳብ ከአባታቸው ተማሩ። ከተማሩት ሁሉ በሕይወታቸው ላይ ትልቁን ነገር ያመጣው ግን አንድ ሕግ ነው። ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ይሁዳ፣ ሄሮድስ፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮችና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። አንድ ቀን ቅዱስ ጊዮርጊስን በጎን ቢጀምሩት አባታቸው ሥዕሉን በውሃ አጥበው፣ እሳቸውን ያለ ምሳ እንዳዋሏቸው ይናገሩ ነበር። ይህን ሕግ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ስሞ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ የተጻፈው ይህን የቀብር ወረቀት ከሚይዙት መካከል ካናዳ የተወለዱ ልጆች ስላሉ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ማርቆስ ጨርሰው በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኝ የመንግሥት የካርታ ሥራ ክፍል በነዳፊነት ተቀጠሩ። በዚያም በየጁቤ ተወልደው ካደጉት ከአቶ ጥሩነህ በላይ ጋር ተዋወቁ። ጠረጴዛዎቻቸው ፊት ለፊት ነበሩ። አንዱ ቀና ሲል ሌላውን ያያል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተቀምጠው ወንዝና ተራራ ነድፈዋል። በ1962 ዓ.ም. ወይዘሮ ውብአለም ደስታን በሥርዓተ ተክሊል ሲያገቡ አንደኛ ሚዜያቸው አቶ ጥሩነህ ነበሩ፤ በዓመቱ ለተወለደችው ለመክሊት ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው።

በየካቲት 1970 ዓ.ም. ከዚያ ክፍል ሰባት ሰዎች በአንድ ቀን ታሰሩ። አቶ ፀጋዘአብና አቶ ጥሩነህ ከሰባቱ ነበሩ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አቶ ጥሩነህ ብቻቸውን ተፈቱ። ሌሎቹ ሦስት ወር ቆዩ፤ ሁለቱ ከዚያ አልወጡም። አቶ ጥሩነህ ለምን ቀድመው እንደወጡ የነገራቸውም የጠየቃቸውም የለም። በሹክሹክታ ግን ብዙ ተባለ፣ ሹክሹክታውም ከሰዎቹ ጋር አገር ለቅቆ እዚህ ቶሮንቶ ድረስ መጣ። ይህ በቀብር ወረቀት ላይ መስፈር የለበትም ያሉ ዘመዶች አሉ። ለምን እንደሰፈረና እንዲሰፍር የጠየቁት ማን እንደሆኑ ወደ ኋላ ይነገራል።

በ1973 ዓ.ም. አቶ ፀጋዘአብ አገር ጥለው ለመውጣት ሲቆርጡ የመንገድ ጓደኛ ያደረጉት አቶ ጥሩነህን ነው። የዚያን ጊዜ ወይዘሮ ውብአለም፣ «ከእሱ ጋር ነው የምትሄደው?» ብለው ጠየቋቸው።

«ታዲያ ከማን ጋር ልሂድ?»

«ሰው የሚለውን ሳትሰማ ቀርተህ ነው?»

«ሰው መንገድ አያውቅም። ጥሩነህ ያውቃል፤ የመተማን ካርታ የነደፈው እሱ ነው» አሉ። ወይዘሮ ውብአለም መክሊትን ስዊድን፣ ኡፕሳላ ለምትኖረው እህታቸው ልከው ራሳቸው አዲስ አበባ ቀሩ።

በሱዳን፣ በገዳሪፍ አቶ ፀጋዘአብ በወባ ወድቀው ሰው መለየት ሲያቅታቸው፣ አቶ ጥሩነህ ከስደተኞች ሰፈሩ እስከ ክሊኒኩ በጀርባቸው አዝለው ሁለት ጊዜ አመላልሰዋቸዋል። ይህን ራሳቸው አቶ ፀጋዘአብ ለሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር። «ሁለተኛውን ጊዜ እንኳ መራመድ እችል ነበር፣ ስለተመቸኝ ነው ዝም ያልኩት» እያሉ ያስቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱ ጓደኛሞች በግንቦት 1984 ቶሮንቶ ገቡ፤ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ አፓርትመንት ተጋሩ። አቶ ጥሩነህ ታክሲ ያዙ፣ አቶ ፀጋዘአብ ዳውንታውን በሚገኝ ሕንጻ የክሊኒንግ ሥራ ጀመሩ። በ1986 ወይዘሮ ውብአለም ሲመጡ ባልና ሚስቱ ዌስተን በሚባል ሰፈር ቤት ተከራዩ፤ በተከታዩ ዓመት ወንድ ልጃቸው ማቲ ተወለደ። በዚያው በ1986 አቶ ጥሩነህ ሰው በባዕድ አገር ብቻውን እንዳይቀበር ብለው ዛሬ ይህን ቀብር የሚያስፈጽመውን እድር አቋቋሙ፤ ለአሥር ዓመትም በሊቀ መንበርነት መሩት።

በ1987 አቶ ፀጋዘአብ ብሉር ጎዳና ላይ ወዳለ የፍሬም ሱቅ የሚጣል ካርቶን ለመለመን ገቡ፤ ሥዕል የሚሞክሩበት ፈልገው ነው። ባለሱቁ አቶ ረሺድ ከፓኪስታን፣ ከላሆር የመጡ፣ ከፍሬሙ ሥራ ይልቅ በጓዳ አሮጌ መጽሐፍና ወረቀት መጠገን የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ምን ትሥልበታለህ?» አሏቸው። አቶ ፀጋዘአብ እርሳስ ተቀብለው እጃቸውን ሳያነሱ የሰው ፊት ሠሩላቸው። በማግስቱ ሥራ ጀመሩ፤ እስኪታመሙ ድረስም ከዚያ አልወጡም።

በ1990 የጸደይ ወራት ምድር ቤቱ ጎርፍ የገባበት አንድ የቶሮንቶ ቤተሰብ በፎጣ የተጠቀለለ አልበም አመጣ። አልበሙ የሕንድ ሙጋል ነገሥታት ሠዓሊዎች ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የሠሩት ሲሆን፣ ጥራዙ ፈርሶ ቅጠል የሚባሉት ሠላሳ ስምንቱ ነጠላ ወረቀቶች ተደባልቀዋል፣ ብዙዎቹንም ውሃ ነክቷቸዋል። አቶ ፀጋዘአብ የመጀመሪያውን ቅጠል ሲገልጡ ያገኙት ንጉሥ ነበር። በጆሮው ዕንቁ፣ በእጁ አንዲት አበባ፣ ከራሱ ጀርባ የወርቅ ብርሃን ክበብ። ፊቱ በጎን፣ ዓይኑ አንድ።

ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «ይህ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው?»

«የቱ?»

«ንጉሡ። ብርሃን ሰጥታችሁ አንድ ዓይኑን ነሣችሁት።»

አቶ ረሺድ ነገሩ ሲብራራላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሚስተር ፀጋ፣ እኔ የተወለድኩት በ1931 ነው፤ በእኔ አታሳብብ» አሉ።

አቶ ፀጋዘአብ አንድ ሳምንት ሙሉ ፊቶቹን አልነኩም፤ በሕዳጉ ላይ ያሉትን የወርቅ አበቦች ብቻ ሲያጸዱ ሰነበቱ። በመጨረሻ አቶ ረሺድ ሁለት ቅጠሎች አንሥተው ጎን ለጎን አኖሩላቸው። በግራ ያለው ንጉሥ ወደ ቀኝ ያያል፣ በቀኝ ያለው ልዑል ወደ ግራ ያያል። የሁለቱም ሕዳግ አንድ ዓይነት አበባ ነው። «አልበም ሲከፈት ሁለት ገጽ ነው» አሉ አቶ ረሺድ። «ይህ ሰው አንተን እንዲያይ አልተሣለም። ከፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚያየው። ለብቻው ካየኸው ግማሹን ነው ያየኸው።»

አቶ ፀጋዘአብ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆኑ። ቅጠሎቹን ከጥንዶቻቸው ማገናኘት ሁለት ዓመት ወሰደባቸው፤ አበባውን ከአበባ፣ እይታውን ከእይታ እያመሳከሩ። ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ «ዛሬ አባትና ልጅ አገናኘሁ» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ውብአለምም፣ «እነሱን ስትጨርስ ደግሞ እኛን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ጋር አገናኘን» ይሏቸው ነበር። ወረቀት በወረቀት ላይ በስንዴ ሙጫ እየደረቡ ማጠንከርን፣ ገጹን በለስላሳ ድንጋይ እስኪያበራ መፋቅን፣ የቅንድብን ጸጉር በሽኮኮ ጸጉር ብሩሽ አንድ በአንድ ማውጣትን ተማሩ። በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ የአባታቸው መስመርና የእነዚያ ሠዓሊዎች ትዕግሥት ያለበት ነው።

በ1995 መክሊት ትምህርቷን ጨርሳ ከስዊድን ወደ ወላጆቿ መጣች። በዘጠኝ ዓመቷ የሄደችው ልጅ በሃያ አራት ዓመቷ ስትመለስ አባትና ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የሚያወሩት አልነበራቸውም። ሱቅ ይወስዷትና አጠገባቸው አስቀምጠው ይሠሩ ነበር።

በ1996 እድሩ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ኮሚቴው ለሊቀ መንበሩ የሚሰጥ ሥዕል እንዲሠሩ አቶ ፀጋዘአብን ጠየቀ። አራት ወር ሠሩ፤ ለማንም አላሳዩም። በበዓሉ ዋዜማ ጸሐፊው አቶ ሙሉነህ ሊወስዱት መጡ፤ ቸኩለው ስለነበር በጨረፍታ ነው ያዩት።

«ትንሽ ይቀረዋል» አሉ አቶ ፀጋዘአብ።

«ጋሼ፣ በዚህ ላይ ደግሞ ምን ይጨመራል? ኢትስ ፐርፌክት።»

«ማክሰኞ ብትመጣ ይሻላል።»

«ነገ እኮ ነው በዓሉ። አዳራሹ በስንት ኮል ተለምኖ ነው የተገኘ።»

ሰጧቸው። በጠረጴዛው ላይ በወረቀት የተሸፈነ ሌላ ነገር እንደነበር አቶ ሙሉነህ ያስታውሳሉ፤ ምንነቱን ግን አልጠየቁም።

በማግስቱ ዌስተን በሚገኘው አዳራሽ ወደ ሁለት መቶ ሰው በተሰበሰበበት ጨርቁ ተነሣ። አቶ ጥሩነህ በነጭ ጋቢ፣ በእጃቸው አንዲት አበባ ይዘው፣ ከራሳቸው ጀርባ የወርቅ ብርሃን ከብቧቸው ተሥለዋል። ፊታቸው በጎን፣ ዓይናቸው አንድ።

ያጨበጨበ የለም። ከፊት ወንበር አንዲት እናት፣ «ምነው ልጄ፣ ሌላኛው ዓይኑ የት ደረሰ?» አሉ። ከኋላ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ «የሚያውቀውን ነዋ የሣለ» አለ።

አቶ ጥሩነህ ወደ ሥዕሉ ተጠግተው አዩት። ከዚያ ዞር ብለው፣ «አሥራ ስምንት ዓመት ነው የጠበቅኸው?» አሉ።

«ጥሩነህ፣ ገና አላለቀም።»

«ምን ቀረው? ገመዱ?»

ሥዕሉን ከግድግዳው አውርደው በብብታቸው ይዘው ወጡ። ሰኞ ከሊቀ መንበርነታቸው ለቀቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ አልተነጋገሩም።

አቶ ፀጋዘአብ ስድስት ዓመት ሙሉ ነገሥታትን በጎን ሲያዩ ኖረው የአባታቸውን ሕግ ዘንግተውት ይሆናል። ወይም ሕጉን አልዘነጉም፣ ሌላው ነገር ሲጨመርበት ሰው ይገባዋል ብለው ተማምነዋል። አንዱ ከሌላው ይልቅ እውነት ነው ለማለት ቤተሰቡ ማስረጃ የለውም። የተረጋገጠው፣ ማስረዳት ሲችሉ እንዳላስረዱ ነው። ወይዘሮ ውብአለም፣ «ሂድና ንገረው እንጂ፣ ምን አፍህን ያዘህ?» ሲሏቸው፣ «ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬ ይሁዳ ይለኛል ብሎ ካሰበ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው ፍሌሚንግደን ፓርክ ወደሚገኘው ወደ አቶ ጥሩነህ አፓርትመንት ሄደው እንደያዙት ተመለሱ። ሊፍቱ ተበላሽቷል አሉ። ያን ቀን ሊፍት መበላሸቱን ያረጋገጠ ሰው የለም። አቶ ፀጋዘአብ ቸር፣ ትሑትና ታታሪ ነበሩ፤ ግትርም ነበሩ። ግትርነታቸው ሁለት ዓመት ከአምስት ወር የጓደኛቸውን ድምፅ አሳጥቷቸዋል፤ ለአቶ ጥሩነህም በሰው ፊት ቀና ብለው የማይሄዱበት ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ነበር።

በ1998 የበጋ ወራት የጉበት ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። በኅዳር ሆስፒታል ገቡ። በጥር ከተማው በበረዶ ተዘግቶ ጠያቂ ባልነበረበት ሳምንት መክሊት አጠገባቸው ከርማለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ ሰዎች የሚሉት እውነት ነው?»

«የቱን?»

«ጋሼ ጥሩነህ እስር ቤት... ስም ሰጥቶ ነው የወጣው የሚሉት።»

«ጠይቄው አላውቅም።»

«ለምን?»

«ጥሩነህ የሚጠየቅ ሰው አይደለም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ይህ መልስ የእምነት ይሁን የፍርሃት መክሊት ለብዙ ቀን መለየት አልቻለችም።

አቶ ፀጋዘአብ ሐሙስ የካቲት 4 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1999፣ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

አርብ ዕለት አቶ ረሺድ ደውለው የሟቹን መሳቢያ ቤተሰቡ እንዲያየው ጠየቁ። ከብሩሾቹ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ሥዕል ተገኘ። አቶ ፀጋዘአብ ራሳቸውን የሣሉት ነው። በነጭ ጋቢ፣ በእጃቸው አንዲት አበባ ይዘው፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን፣ ወደ ግራ እያዩ። ሕዳጉ በአቶ ጥሩነህ ሥዕል ላይ ያለው አበባ ነው። የብርሃን ክበቡን ግን ለራሳቸው አላደረጉም። ማቲ ሥዕሉን ዓይቶ፣ «ሁ ኢዝ ሂ ሉኪንግ አት?» አለ፤ ማንን ነው የሚያየው ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ነው መክሊት ገልብጣ ያየችው። ከጀርባው፣ በአልበሙ ቅጠሎች ላይ ይጽፉት እንደነበረው፣ በእርሳስ እንዲህ የሚል አለ፦ «ሰኔ 1996 የተጀመረ። ጥንድ። ግራ ገጽ ጥሩነህ፣ ቀኝ ገጽ ፀጋዘአብ። ለየብቻ እንዳይጠረዙ።»

ቅዳሜ መክሊት አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ሄደች። አቶ ጥሩነህ ሰንሰለቱን ሳይፈቱ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ነፍስ ይማር። እኔ ግን አልመጣም» አሉ።

«ይምጡ ልል አይደለም ጋሼ። ሥዕሉ እርስዎ ጋ ካለ ለፕሮግራሙ እንድናትመው ላስፈቅድዎ ነው።»

«በቀብሩም ሊሰድበኝ ነው?»

መክሊት የአባቷን ሥዕል ፎቶ ኮፒ፣ የፊቱንም የጀርባውንም፣ የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ጽፋበት በበሩ ክፍተት አስገባችላቸው። አቶ ጥሩነህ ተቀበሉ፤ በሩ ተዘጋ። ቤተሰቡ እሑድን ሙሉ ስልክ ሲጠብቅ ዋለ። ስልክ አልመጣም፤ ለማተሚያ ቤቱም ግራው ገጽ ባዶ እንዲተው ተነገረው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ጥሩነህ ብሉር ያለው ማተሚያ ቤት በፎጣ የተጠቀለለ ሥዕል ይዘው ሲጠብቁ ተገኙ። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ከቁም ሣጥናቸው ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አኑረውት ነበር። ሁለቱን ሥዕሎች በጠረጴዛው ላይ ራሳቸው ጎን ለጎን አደረጓቸው። ከዚያ መክሊትን፣ «ይህን ጻፊ» አሏት። የጻፈችው የሚከተለው ነው፤ የሕይወት ታሪክ የሚነበበው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ስለሆነ በዚህ ቦታ እንዲነበብ የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«በ1970 ዓ.ም. ከሌሎቹ ቀድሜ ወጣሁ። ለምን እንደፈቱኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማንንም ስም አልሰጠሁም። ፀጋዘአብ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ያልጠየቀኝ ስለፈራኝ ይመስለኝ ነበር። ስላመነኝ እንደሆነ የገባኝ እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እኔ ግን አላመንኩትም። አንድ ቃል ሳልጠይቀው ፈረድኩበት።»

አቶ ፀጋዘአብ ወልደ ሚካኤል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውብአለም ደስታን፣ ልጆቻቸውን መክሊትንና ማቲን፣ በደብረ ወርቅ የሚኖሩ ሁለት እህቶቻቸውን፣ የሥራ ባልደረባቸውን አቶ ረሺድን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ ጥሩነህ በላይን ትተው አልፈዋል። ዛሬ አስከሬናቸውን ከፊት ሆነው የሚሸኙት አቶ ጥሩነህ ናቸው።

ፊት ለፊት የምናይበት ቀን እስኪመጣ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በብርሃኑ ከልሎ ከአባቶቻቸው ጎን ያሳርፍልን። ለራሳቸው ያልሣሉትን ብርሃን እሱ ይሥልላቸው። አሜን።

ሁለቱ ሥዕሎች በመካከለኛዎቹ ገጾች ላይ ታትመዋል። ወረቀቱን ስታስቀምጡ እባካችሁ በመሐሉ እጥፋት እጠፉት እንጂ አትቅደዱት፤ ለየብቻ እንዳይሆኑ።